መስመር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት

ሳስካቱን፣ ጥር ወር፣ ሠላሳ አራት ከዜሮ በታች፤
ውርጭ በመስኮቴ ጥግ ቅጠል አወጣች።
ከሥሬ ማርሚታ የሚበይዱት ሱቃቸውን ዘግተዋል፤
እኔ ጋ መብራት አለ፤ የጆርዲ ኮድ መጥቷል።
መጥኖ መደቆስ ነው የኔ እንጀራ፦
ሌላው የጻፈውን፣ ሰው ስልክ ላይ ሳይጫን፣ ማየት በተራ።

አርባ ሁለት ፋይል። አረንጓዴ የተጨመረው፣
ቀይ የተሰረዘው።
«የድምፅ ረዳቷን ከበሩ ቁልፍ ጋር አገናኘሁ» ይላል ማብራሪያው፤
«አቋራጭም አለው።»

ልጁ ጎበዝ ነው፤ ከገባ ገና ሦስት ወሩ፤
የተለዋዋጮቹ ስም ያምራል፣ ያምራል አሰዳደሩ።
መቀርቀሪያው የሚታዘዝባቸውን ሰባት ሐረጎች ደርድሯል፦
«በሩን ክፈት»፣ «መጣሁ»፣ «ቤት ደረስሁ»…
ሰባተኛው ላይ ቆም አልሁ፣ ብቻዬን ሣቅሁ፦
«እኔ ነኝ»።

እኔ ነኝ!
ማን ያላለው አለ ይህን ቃል ደጅ ቆሞ?
«ማነው?» ሲሉት ስሙን የሚናገር ማን አለ ቀድሞ?
እንግዳም ቤተኛም፣ አበዳሪም ባለ ዕዳም
«እኔ» ይላል እንጂ «እገሌ ነኝ» አይልም።
ውስጥ ያለው ሰው ከቃሉ በፊት ጉሮሮውን ነው የሚያውቀው፤
ጉንፋን እንደያዘው፣ እንዳመሸ፣ እንደከፋው፣
ገና መወርወሪያው ሳይነሣ ነው የሚለየው።

ስልኩ ግን ቃሉን እንጂ ጉሮሮውን አያውቅም፤
«እኔ» ያለ ሁሉ ለሱ አንድ ነው፤ «የትኛው?» ብሎ አይጠይቅም።

ወደ ታች ወረድሁ። መስመር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት።
ስልኩ ቢቆለፍም ትእዛዙ ይፈጸም ይላል፤
«ማረጋገጫ ያስፈልጋል?» — ፊት ለፊቱ «ሐሰት»።

አንዲት ቃል።
ታየኝ፦ ስልኩ ከጠረጴዛ ላይ ተኝቶ፣
ባለቤቱ ሻወር ገብቶ፣
በፖስታ መክተቻው ቀዳዳ አንድ አፍ ተጠግቶ
«እኔ ነኝ» ሲል፣
መቀርቀሪያውም፣ ታዛዥ፣ «እሺ» ሲል።

«ጆርዲ፣ ይህን ወደ ‹እውነት› ቀይረው» ብዬ ጻፍሁ፤
ልልከው ነበር። ከሥራው ጋር የተያያዘ ደብዳቤ አየሁ፤
ለካ ሳልከፍተው አልፌዋለሁ።

ስቴፋኒያ ሁዳክ፣ ከዮርክተን። ሰባ ዘጠኝ ዓመት።
«ጣቶቼ እንደ ዝንጅብል ሥር ናቸው፤ ሪህ ነው፤
ጓንቴን ካወለቅሁት መልሼ አላጠልቀው።
ስልኩ አሻራዬን አያነበው፣ ፊቴንም ሻርፕ ሸፍኖት አያውቀው።
ባለፈው ኅዳር ቁልፌ በረዶ ውስጥ ወድቆ
በጫማዬ ጫፍ ፈለግሁት ሃያ ደቂቃ።
ልጄ ካልጋሪ ነው። በሩ ቢሰማኝ ምናለበት? በቃ።»

ተነሥቼ የመስኮቱን መስታወት በጣቴ ነካሁት፤
አምስት ልቆጥር ነበር። በሦስት አነሣሁት።

እንግዲህ «እውነት» ሴትዮዋን ውጭ ያስቀራል፤
«ሐሰት» ሌባውን ያስገባል።
ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ቃል ያ መስመር አያውቅም፤
እኔም በዚያ ሌሊት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላውቅም።

የጻፍሁትን አጠፋሁ። በምትኩ ጥያቄ፦
«ከጓንቷ ሥር የእጅ ሰዓት ብታስርስ? ሰዓቱ ክንዷ ላይ ከሆነ ይክፈት፣ ካልሆነ እንቢ ይበል?»
ጆርዲ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መለሰ፤ እሱም አልተኛም፦
«ሰዓት ይኑራት አይኑራት አላውቅም።
ሰባተኛውን ሐረግ ግን ከአፏ ነው የወሰድሁት፤ እንዳታስወጪብኝ።»

ጠዋት ራሴ ደወልሁ። ሦስት ጊዜ ጠራ።
«ማን ልበል?» አለ አንድ ሻካራ ድምፅ፣ ያልተጣደፈ፣ ያልፈራ።
እኔም፣ ሌሊቱን ሙሉ በዚህች ቃል ስጨቃጨቅ ያደርሁት ሴት፣
ሳላስበው አመለጠኝ፦ «እኔ ነኝ»።

ዝም።
ማዶ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል።
«የትኛዋ እኔ?» አለች።

«ትርሲት» አልኋት።